ስህተቱን አስቀድሞ ያዘጋጀው ማን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ምክንያቱ ያልገባው አንድ አደጋ ይደጋገምበት ነበር። ቢ-17 የሚባሉት ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ፣ ገና በማኮብኮቢያው ላይ እየሮጡ ሳሉ፣ አብራሪው የክንፉን ፍላፕ መሰብሰብ ሲገባው የማረፊያ ጎማውን ያጥፋል፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይወድቃል። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ምክንያት «የአብራሪ ስህተት» ነበር፤ ምርመራውም እዚያው ያበቃል። በኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ የአየር ሕክምና ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ወጣቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ ግን ጉዳዩን ሲይዝ፣ ዓይኑን ከአብራሪዎቹ አንስቶ የሚሠሩበትን ክፍል መመርመር ጀመረ። የጎማውና የፍላፑ ማዘዣዎች ጎን ለጎን የተገጠሙ፣ በመልክም አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። ሲ-47 በተባለው የማጓጓዣ አውሮፕላን ውስጥ ሁለቱ ማዘዣዎች በተለያየ ቦታ ነበሩ፤ እዚያ ይህ አደጋ አይታወቅም። መፍትሔው ርካሽ ነበር፤ በጎማው ማዘዣ ጫፍ ላይ ጎማ መሳይ ክብ፣ በፍላፑ ማዘዣ ጫፍ ላይ ደግሞ ክንፍ መሳይ ሽብልቅ ተደረገ፤ ዓይን ባያይ እንኳ እጅ እንዲለይ። ዛሬም የአሜሪካ የመንገደኞች አውሮፕላን ደንብ የጎማው እጀታ የጎማ፣ የፍላፑ እጀታ የክንፍ ቅርጽ እንዲኖረው ያስገድዳል።

ይህ ታሪክ ላይ ላዩን ሲታይ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ይሁን እንጂ ዛሬ የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን የሚነድፉ ባለሙያዎች የሚመሩባቸው መርሖች ሥረ መሠረታቸው ከዚህ ይጀምራል። ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ ለሰው ያሳይ፣ ተመሳሳይ ነገር በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ፣ የተለያየ ነገር ተለይቶ ይታይ፣ ሰው በቃሉ እንዲይዝ አይገደድ፣ የተሳሳተ ሰው መመለሻ ይኑረው የሚሉት መርሖች በብዙዎች ዘንድ የውበትና የምቾት ጉዳይ ተደርገው ይወሰዳሉ። ታሪካቸው የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ የተጻፉት አንድ ሰው ተሳሳተ ተብሎ ከተወቀሰ በኋላ፣ ስህተቱን አስቀድሞ ያዘጋጀለት የማሽኑ አሠራር እንደነበረ ማስረጃ ሲገኝ ነው። ስለዚህ እነዚህ መርሖች የፍትሕ መርሖችም ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጥፋት በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስኑ ናቸውና።

ቻፓኒስ የጀመረውን ባልደረቦቹ በስፋት ቀጠሉበት። እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ ከአብራሪዎች የሰበሰቧቸውን «የአብራሪ ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞች ተንትነው አቀረቡ። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አንዱን ማዘዣ በሌላው የመተካት ስህተት ነበር። ስህተት ዝም ብሎ የሚበተን ቢሆን ኖሮ በየአቅጣጫው ባገኙት ነበር፤ እነርሱ ያገኙት ግን መልክና ሥርዓት ያለው፣ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነገር ነው። ሁለተኛው ጥናታቸው 270 የመሣሪያ ንባብ ስህተቶችን ሲመረምር፣ ከፍታን በሦስት ቀስቶች የሚያሳየው መሣሪያ አብራሪዎችን በሺህ ጫማዎች እንደሚያሳስት አሳየ። አብራሪዎቹ ማንበብ የሚችሉ፣ የሠለጠኑ፣ በሕይወታቸው የሚወራረዱ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው ትጋት ሳይሆን በአንድ እይታ እውነቱን የሚነግራቸው መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ማሽን ሲከብድ ሰውን በሚገባ ማሠልጠን አይሻልም ወይ? ሥልጠና አያስፈልግም የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን የዚያው የቢ-17 ታሪክ የሥልጠናን ወሰን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 የአውሮፕላኑ የመጀመሪያ ናሙና በራይት ፊልድ እንደተነሳ ተከስክሶ ሁለት ሰዎች ለሞት ተዳርገዋል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ሲቆም መሪ ክንፎቹን የሚቆልፈው መቆለፊያ ሳይከፈት መቅረቱ ነበር። መሪውን የያዘው ሰው ግን ጀማሪ አልነበረም፤ ልምድ ያካበተ የሙከራ አብራሪ ነበር። ጦሩ ከዚህ የወሰደው ትምህርት «የበለጠ ጎበዝ አብራሪ እንፈልግ» የሚል አልነበረም። ከመነሳት በፊት ነጥብ በነጥብ የሚነበብ ቼክሊስት አዘጋጀ፤ ከሰው ትውስታ ላይ ሸክሙን አንስቶ ወረቀት ላይ አኖረው። የሲ-47 ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል። ሁለቱንም አውሮፕላኖች የሚያበርሩት በአንድ ጦር ውስጥ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ልዩነቱ ማሽኑ ነበር። ሥልጠና አንድን ሰው ይለውጣል፤ የተስተካከለ ማሽን ግን ገና ያልተወለደውን ተጠቃሚ ጭምር ይጠብቃል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ትምህርት ወዲያው አልተወረሰም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማሽኑ ሰዓት ከሰው ሰዓት እጅግ የበለጠ ዋጋ ነበረው፤ ሰው በካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሳ ትእዛዙን በማሽኑ ቋንቋ አዘጋጅቶ ወረፋ ይጠብቃል፤ አንዲት ነጥብ ከሳተ ሥራው ሁሉ ይመለስበታል። ሰውና ማሽን ፊት ለፊት መነጋገር ሲጀምሩ ነው ጥያቄው የተነሳው። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ፊት ማውስንና በስክሪን ላይ የሚታረም ጽሑፍን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዊልፍሬድ ሃንሰን መርሖችን በጽሑፍ ሲያቀርብ ከሁሉ ያስቀደመው ተጠቃሚህን እወቅ የሚለውን ነበር፤ ከዚያም በቃል የሚያዘውን መቀነስና ለስህተት ተዘጋጅቶ መንደፍ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል የሚሠሩት ካርድ፣ ኢንግሊሽና በር በስክሪን ላይ ቦታ የሚጠቁሙ የተለያዩ መሣሪያዎችን በሙከራ ሲያወዳድሩ ማውስ ከሌሎቹ ይበልጥ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። የለኩበት ሚዛንም ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው፣ እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት እንደሚወሰን የሚገልጸው ሕግ ነው። ከአውሮፕላን ላቦራቶሪ የተነሳው ሰው የኮምፒውተሩን ክፍል በር የከፈተው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ማዕከል ይሠራ የነበረው ላሪ ቴስለር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ነገር ጋር ታግሏል፤ ከሞድ ጋር። ሞድ ማለት አንድ ቁልፍ ማሽኑ ባለበት ሁኔታ መሠረት የተለያየ ሥራ የሚሠራበት አሠራር ነው። ብራቮ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ተጠቃሚው የሚጽፍ መስሎት፣ ማሽኑ ግን ትእዛዝ በሚቀበልበት ሁኔታ ላይ ሳለ «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአራት ፊደሎቹ ቢመታ፣ የመጀመሪያው ፊደል ጽሑፉን ሁሉ ይመርጣል፣ ሁለተኛው ይሰርዛል፣ ሦስተኛው አዲስ ጽሑፍ ማስገቢያውን ይከፍታል፣ አራተኛው ብቻ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። አንድ ሙሉ ሰነድ በአንዲት ፊደል ተተካ ማለት ነው። ቴስለር ከቲም ሞት ጋር ጂፕሲ የተባለውን ማረሚያ ሲሠራ እንዲህ ያለውን ወጥመድ ለማስወገድ ጣረ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ቆርጦ መለጠፍም በዚያ ሥራ መልክ ያዘ። የጠፋ ሰነድ ትንሽ ነገር ይመስላል ለሚል አንባቢ ስትራስቡርግ አለች። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1992 አንድ ኤርባስ ኤ320 ወደዚያች ከተማ ሲወርድ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ከ96 ሰዎች 87 ሞቱ። መርማሪዎቹ ሊሆን ይችላል ብለው ካቀረቧቸው ምክንያቶች መካከል ይህ ይገኝበታል፤ ሠራተኞቹ 3.3 ዲግሪ የመውረጃ ማዕዘን ያስገቡ መስሏቸው 33 ሲያስገቡ፣ ማሽኑ በሌላ ሞድ ላይ ስለነበረ በደቂቃ 3,300 ጫማ ውረድ ተብሎ ተረዳው። ለሁለቱም ትእዛዝ ማስገቢያው አንድ ነበር፤ ሁለቱንም የሚያሳየው መስኮትም አንድ። የጠፋውን ሰነድና የወደቀውን አውሮፕላን አንድ ዓይነት አሠራር ያገናኛቸዋል።

ማሽን ያለበትን ሁኔታ ለሰው ያሳይ የሚለው መርሕም እንዲሁ ውድ ዋጋ ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በፔንሲልቬንያ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበረው መብራት ግን ጠፍቶ ነበር፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ ይከታተል የነበረው ለቫልቩ የተላከውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን የሚመለከት ነገር አልነበረም። ከመቶ በላይ ማስጠንቀቂያዎች በአንድነት ጮኹ፤ የኮምፒውተሩ ማተሚያ መልእክቶቹን ማድረስ አቅቶት ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ። ከሁለት ሰዓት በላይ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲፈስ ቆየ፤ ሠራተኞቹም ውኃ የበዛ መስሏቸው የድንገተኛውን ውኃ ቀነሱት። የማመንጫው እምብርት ከፊሉ ቀለጠ። ክፍሉን ከመረመሩት አንዱ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዶናልድ ኖርማን ነበር፤ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች ዲዛይን ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ምርመራ ትምህርት ከበር እጀታ እስከ ስልክ ድረስ አስፋፋው። የታዘዘውን እንደተፈጸመ አድርጎ የሚናገር ስክሪን ዛሬም በየቦታው አለ፤ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ መልእክቱ መድረሱን የማያውቅ ከሆነ ያው የስሪ ማይል አይላንድ መብራት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የቴራክ-25 ታሪክ ነው። ይህ በካናዳ የተሠራ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የካንሰር ጨረር ማከሚያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ጊዜያት በስድስት ሕሙማን ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቋል፤ ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ሞተዋል። በቴክሳስ ታይለር ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 አንዲት ባለሙያ የጨረሩን ዓይነት በስህተት መትታ ወዲያው አረመችው፤ ስክሪኑም የታረመውን አሳየ። ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ግን እርማቱን በሙሉ አልተቀበለም። ማሽኑ «ማልፈንክሽን 54» የሚል መልእክት አወጣ፤ የአጠቃቀም መመሪያው ትርጉሙን አያብራራም። እንዲህ ያሉ መልእክቶች በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ባለሙያዋ እንደ ልማዱ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ነካች። ሕመምተኛው የታዘዘለት 180 ራድ ጨረር ሲሆን ያረፈበት ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ስክሪኑ ግን መጠኑ ከታዘዘው ያነሰ መሆኑን ይናገር ነበር። በኋላ የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ከእርሷ ጋር ደጋግሞ ሲሞክር ምስጢሩ ተገኘ፤ ስህተቱ የሚነሳው እርማቱ በፍጥነት ሲገባ ነው። ሥልጠናና ልምድ ሁሉን ይፈታል ለሚለው ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም። ሴትዮዋ በሥራዋ በተካነችና በፈጠነች ቁጥር ማሽኑ ይበልጥ አደገኛ ይሆን ነበር።

የቴራክ ታሪክ ግን ለተቃራኒው ወገንም መከራከሪያ ይሰጣል፤ መሸሽም አይገባም። ባለሙያዎች መረጃውን ሁለት ጊዜ ማስገባት ሰለቸን ብለው ስላመለከቱ አምራቹ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ እንዲያልፍ አድርጎላቸው ነበር። እንግዲያው ለተጠቃሚ ማቅለል ራሱ አደጋ አመጣ ሊባል ይችላል። ነገሩ ግን ከመርሖቹ ውስጥ ማቅለልን ብቻ ነጥሎ የመውሰድ ውጤት ነው። ማቅለል ብቻውን መርሕ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከእውነተኛ መልስ፣ ከሚገባ መልእክትና ከመከላከያ ጋር አብሮ ነው የሚታዘዘው። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ሶፍትዌሩ ቢሳሳት እንኳ ጨረሩን የሚያግድ፣ ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ መከላከያ ነበራቸው፤ በቴራክ-25 ግን ያ ተነሥቶ ሁሉም በሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ተጣለ። መንገዱን አቅልሎ ዘቡን ማንሳት የዲዛይን መርሕ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ትምህርቶች በደንብ መልክ የተሰደሩት በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆን ጎልድና ክሌይተን ሉዊስ ሦስት ነገሮችን አጥብቀው ጠየቁ፤ ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ ተጠቃሚውን ማወቅ፣ በሙከራ መለካት፣ ከዚያም እየመለሱ ማሻሻል። በጊዜው የጠየቋቸው ዲዛይነሮች ሲሰሙት ይህማ ግልጽ ነው ይሉ ነበር፤ የሥራ ደረጃዎቻችሁን ጻፉ ሲባሉ ግን ሦስቱንም የጻፉት ጥቂቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤን ሽናይደርማን ስምንት ወርቃማ ሕጎችን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ያኮብ ኒልሰንና ሮልፍ ሞሊክ ዘጠኝ መመዘኛዎችን አወጡ፤ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 አሻሽሎ አሥር አደረጋቸው። እነዚህ ዝርዝሮች ማንም የሚያውቃቸው ጠቅላላ ምክሮች ናቸው፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጋጫሉ ተብለው ይተቻሉ። መጋጨታቸው እውነት ነው፤ ብዙ መረጃ ማሳየትና ስክሪኑን አለማጨናነቅ ሁለቱም ታዝዘዋል። ግን ሕግም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ዳኛ የሚያስፈልገው አንቀጾች ስለሚጋጩ ነው። ግልጽ ናቸው የሚለው ትችትም ከጎልድና ሉዊስ ማስረጃ ፊት አይቆምም፤ ሁሉም የሚያውቀውና ጥቂቶች ብቻ የሚፈጽሙት ነገር ካለ መጻፉ፣ መደጋገሙና መጠየቁ ግድ ይሆናል።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ምድር ላይም ተጽፏል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር። በሁለቱም ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ከላየን ኤር አደጋ በፊት አብራሪዎች ይህ ሶፍትዌር መኖሩ በመመሪያቸው አልተነገራቸውም። ሁለቱ ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚያስጠነቅቀው ምልክትም በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ አምራቹ አብራሪዎች በፍጥነት ለይተው ይመልሱታል ብሎ ሲገምት፣ በአንድ ጊዜ የሚመጡትን የመሪውን መንቀጥቀጥ፣ የፍጥነትና የከፍታ ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ ከግምት አላስገባም። የስሪ ማይል አይላንድ የማስጠንቀቂያ ጩኸት እንደገና ተሰማ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ጣት ወዲያው በሞቱት አብራሪዎች ላይ ተቀሰረ፤ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ያድኑት ነበር የሚል አስተያየት ተሰነዘረ። ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ከላየን ኤር በኋላ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተሰራጭቷል፤ የአውሮፕላኑ ሞተሮች ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳለ መቆየቱም እውነት ነው፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ መሥሪያ ቤቶችም የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሪፖርት የሠራተኞቹን አሠራር በበቂ አልመረመረም ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ ሁሉ ሊመረመር ይገባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሪፖርት እንዳሳየው ሠራተኞቹ በታዘዘው መሠረት ኤምካስ አፍንጫውን የሚገፋበትን የኤሌክትሪክ ማዘዣ አቋርጠው ነበር፤ አፍንጫውን ለመመለስ በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር ግን አልንቀሳቀስ አላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ደግሞ የተደረገው ማስተካከያ ነው። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንዲበር ሲፈቀድለት ኤምካስ ሁለት ሴንሰሮችን እንዲያወዳድር፣ በአንድ ክስተት አንዴ ብቻ እንዲገፋ፣ አብራሪው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ እንዳይገፋ ተደርጎ ነበር፤ ሥልጠናውም ተጨምሯል። ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን እንደገና መሥራት ለምን አስፈለገ?

ይህን ሁሉ የማነሳው ዛሬ የአማርኛ ተናጋሪው ሕይወት በፍጥነት ወደ ስክሪን እየገባ ስለሆነ ነው። ገንዘብ በስልክ ይላካል፣ ግብር በኮምፒውተር ይከፈላል፣ የታካሚ መዝገብ ወደ ዲጂታል ይዞራል። ብሩ ወደ ማይታወቅ ሰው ሲሄድ፣ ቅጹ ሳይደርስ ሲቀር፣ «ተጠቃሚው ተሳስቷል» የሚለው መልስ ልክ እንደ ቢ-17 መዝገብ ምርመራውን ለመዝጋት ምቹ ነው። ተጠቃሚው ኃላፊነት የለበትም ማለቴ አይደለም። ኃላፊነት ግን ከሥልጣን ጋር መመጣጠን አለበት፤ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚል፣ ከተሳሳቱ መመለሻ ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ተጠቃሚው አይደለም። ስለዚህ አንድ ባንክ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ሆስፒታል ስህተትን በሰው ላይ ከመመዝገቡ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ በእውነት ነገረው ወይ? በሚገባው ቋንቋ ነገረው ወይ? ሌላም ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል ወይ? መመለሻስ ነበረው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ተጠቃሚውን ጥፋተኛ ማድረግ ሰውየውን ከመበደሉ በላይ፣ ቀጣዩን ሰው ለዚያው ስህተት አሳልፎ መስጠት ነው።